ሞንትሪያል የሚሄድ ሰው ምን ቋንቋ ይዞ ይሂድ?

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስብ የአምቦ ወይም የጊንጪ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ቪዛና ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ቋንቋ የጠየቁት እንደ ሆነ «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ብሎ ነገሩን እዚያው ይዘጋዋል። የሚሄደው ወደ ቶሮንቶ ወይም ወደ ሎንዶን ከሆነ መልሱ አያስነቅፈውም። ወደ ሞንትሪያል ከሆነ ግን ይህ መልስ ውሎ አድሮ ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዕድሜው ነው። ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣት ሠራተኞች ቢያስቡበት ይጠቅማል በማለት በበኩሌ የሚታየኝን እጽፋለሁ። (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ሞንትሪያል በቅዱስ ሎራንስ ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ በ1642 የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከካናዳ ከተሞች ከቶሮንቶ ቀጥላ ሁለተኛዋ፥ ከኬቤክ ክፍለ ሀገር ደግሞ አንደኛዋ ትልቅ ከተማ ናት። የሃይቲ፥ የጣሊያን፥ የግሪክ፥ የፖርቱጋል፥ የሊባኖስ፥ የአልጄሪያ፥ የሞሮኮና የቬትናም ሰው በየሰፈሩ ተቀላቅሎ ይኖርባታል። በከተማዋ መካከል የሚያልፈው የሴን ሎራን ጎዳና ከጥንት ጀምሮ ምሥራቁን ለፈረንሳይኛ ተናጋሪው፥ ምዕራቡን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚለይ ድንበር ሆኖ ኖሯል፤ ከባሕር ማዶ የመጣውም ሕዝብ በዚሁ ጎዳና ግራና ቀኝ ሰፈረ። ዛሬ ድንበሩ እንደ ቀድሞው የጠበቀ አይደለም።

ወደ አንድ ሱቅ የገቡ እንደ ሆነ ሻጩ «ቦንዡር፥ ሃይ» ብሎ ይቀበላል። የመጀመሪያው የፈረንሳይኛ፥ ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ሰላምታ ነው፤ ገዢው በየትኛው እንደ መለሰ አይቶ በዚያው ይቀጥላል። በአምቦ ገበያ ያደገ ሰው ይህን እንደ አዲስ ነገር አያየውም። በእኛም ገበያ ቅቤ ሻጯ «አካም ጅርቱ» ብላ ትጀምርና የገዢውን አፍ ካየች በኋላ ወደ አማርኛ ትመለሳለች፤ ጨርቅ ነጋዴውም ሁለቱን አሳምሮ ያውቃል። ልዩነቱ፥ በሞንትሪያል ይህች የሁለት ቃል ሰላምታ የፖለቲካ ነገር መሆኗ ነው። በ2017 የኬቤክ ምክር ቤት አባሎች ነጋዴዎች «ቦንዡር» ብቻ ብለው እንግዳ እንዲቀበሉ በአንድ ድምፅ ጠይቀዋል። ጥያቄ እንጂ ሕግ አልነበረምና ብዙ ሻጮች አሁንም ሁለቱንም ይላሉ።

አዲስ መጤውን የሚያታልለው ይኸው ሰላምታ ነው። በእንግሊዝኛ ቡና ይጠጣል፥ ቤት ይከራያል፥ በ1966 በተከፈተው ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ይሳፈራል። እንደ ማክጊልና እንደ ኮንኮርዲያ ያሉ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችም ስላሉ ተማሪው ፈረንሳይኛ ሳይነካ ትምህርቱን ጨርሶ ሊመረቅ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ዲፕሎማውን ይዞ ሥራ ሲፈልግ ነው። በ1977 የወጣውና በተለምዶ «ሕግ 101» የሚባለው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር የመሥሪያ ቤቱን፥ የንግዱን፥ የማስታወቂያ ሰሌዳውንና የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ፈረንሳይኛ አድርጎታል። ነርሱም ሆነ መሐንዲሱ በሙያ ማኅበሩ ለመመዝገብ ለሥራው የሚበቃ ፈረንሳይኛ ማወቁን ማስመስከር አለበት። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ከተወሰኑ ጉዳዮች በቀር፥ መንግሥት አዲስ መጤውን ከስድስት ወር በኋላ በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲያነጋግረው ያዝዛል። በአገሩ ነርስ የነበረ ሰው በሞንትሪያል ሣጥን ተሸካሚ ሆኖ ዓመታት የሚያሳልፈው እጁ ሙያውን ረስቶ አይደለም።

ስለዚህ ሕግ ከዚያ ያሉ ወገኖቻችን የሚያጕረመርሙት ጥቂት አይደለም። «ካናዳ ሁለት ቋንቋ አላት ተብለን መጥተን ስናበቃ በአንዱ ብቻ ተናገሩ እንባላለን» ይላሉ። እኔ ግን ምሬታቸው ቢገባኝም አልፈርድላቸውም። የኬቤክ ሕዝብ ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ነው፤ በዙሪያው ያለው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከ300 ሚሊዮን ይበልጣል። እንዲህ ባለ ባሕር መካከል ያለ ሕዝብ ለቋንቋው ቅጥር ቢሠራለት ምን ያስደንቃል? ቋንቋ ለአንድ ሕዝብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለምዕራብ ሸዋ ሰው ማስረዳት ደግሞ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ይሁን እንጂ ስድስት ወር ማለት አጭር ጊዜ ነው። አዋቂ ሰው ቀን ሥራ እየሠራ በስድስት ወር ውስጥ ግብር መክፈያ ወረቀት ለማንበብ የሚበቃ ፈረንሳይኛ ይማራል ማለት፥ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው በስድስት ወር አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ሞክረው ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ከሥራው ይልቅ የሚያሳስበኝ የልጆች ነገር ነው። በዚሁ በ1977ቱ ሕግ መሠረት በኬቤክ የሚኖር የመጤ ልጅ በአጠቃላይ የሚማረው በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ቋንቋውን ይቀዳዋል፤ አባቱና እናቱ ግን በቀሩበት ይቀራሉ። አንድ የማውቀው የጊንጪ ሰው ሌሊት ሌሊት በመጋዘን እየሠራ እዚያ ይኖራል። ስምንት ዓመት የሆናት ልጁ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ስታመጣ «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም ታነብለታለች። አንድ ቀን ደብዳቤውን አንብባ «አባዬ፥ ወላጆች በርቱ ይላል» አለችው። መምህሯ የጻፈችው ግን ልጅቱ በክፍል ውስጥ አታዳምጥም፥ ወላጅ መጥቶ ያነጋግረኝ ብላ ነበር። ይህን ያወቀው ከሁለት ወር በኋላ፥ አንድ የሃይቲ ተወላጅ የሥራ ባልደረባው ወረቀቱን አይቶ ሲነግረው ነው። በስልክ ሲያጫውተኝ እየሳቀ ነበር፤ ወዲያው ግን ሳቁን አቋረጠና «በቤቴ ደብዳቤ የሚነበበው በልጄ ፈቃድ ሆነ» አለኝ። አባት በቤቱ እንግዳ የሚሆነው እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር ነው።

የኛና የኬቤክ ነገር ሳስበው አንድ የታሪክ ግልባጭ ይታየኛል። በ1945 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑ የካናዳ ኢየሱሳውያን መጥተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን አስተዳደሩ። ከነሱም መካከል ዶክተር ሉስየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ በተደረገው ስምምነት መሠረት የካህን ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው፥ የእናታቸው ቋንቋ ባልሆነው በእንግሊዝኛ አስተማሩ። እኛ ዘንድ ለመኖር የለመዱትን ልብስና ቋንቋ ሁለቱንም ትተዋል ማለት ነው። ዛሬ ተራው የኛ ልጆች ቢሆን ነውር የለበትም።

በእርግጥ ፈረንሳይኛ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው ምድር ባቡር በ1917 ሲደርስ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ «ለገሀር» የሚለው ስም ከዚያ ቀርቶልናል። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት የተማረ ሰው የሚባለው በአብዛኛው ፈረንሳይኛ የተማረ ነበር። ከ1941 በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደው፤ ፈረንሳይኛም በ1947 ከተመሠረተው የሊሴ ገብረ ማርያም ቅጥር ግቢና ከጥቂት ቤቶች ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር አልፎ ያለው የአምቦ ልጅ ፈረንሳይኛን የሚያውቀው በእግር ኳስ ተጫዋቾች ስም ካልሆነ በቀር በሌላ አይደለም።

የሆነው ሆኖ የአምቦ ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም። ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገርን ከሕፃንነቱ ለምዶታል። በዚሁ አካባቢ ቦዳ በተባለው ስፍራ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960 ገደማ ሎንዶንና ፓሪስ ሄዶ የቲያትር ቤቶችን አሠራር ተመለከተ፤ በኋላም የፈረንሳዩን የሞሊየርን ተውኔት በአማርኛ አቀረበ። ኦሮምኛን፥ አማርኛን፥ ግእዝንና እንግሊዝኛን ይዞ ለሄደ ሰው አንድ ቋንቋ መጨመር የሚያስፈራ አይመስለኝም። ከ1991 ወዲህ በኦሮምኛ የተማረው ትውልድ ደግሞ የላቲኑን ፊደል በቁቤ አማካይነት ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ነገር ግን በቁቤ «ጠ» የሚባለውን «ኤክስ» በፈረንሳይኛ ቃል መጨረሻ ላይ ሲያገኘው ብዙውን ጊዜ ጨርሶ ድምፅ የሌለው መሆኑን አይቶ ይገረም ይሆናል። የሞንትሪያል ፈረንሳይኛም ከፓሪሱ በዘዬ ይለያል። በፓሪስ «ዲኔ» ማለት እራት ሲሆን በኬቤክ ምሳ ነው፤ ስለዚህ ለዲኔ የተጠራ እንግዳ ሰዓቱን ጠይቆ ቢረዳ ይሻለዋል።

ስለ ኑሮውም ጥቂት ልበል። ቤት ሲፈልጉ ማስታወቂያው «ሦስት ተኩል» ወይም «አራት ተኩል» ይላል፤ ቁጥሩ የክፍሎቹ ብዛት ሲሆን ግማሿ መታጠቢያ ቤቷ ናት። የኪራይ ውል በብዛት የሚያልቀው በሰኔ ወር መጨረሻ ስለሆነ ጁላይ 1 ቀን ማለት በእኛ ሰኔ 24፥ ከተማው በሙሉ ዕቃውን ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር ይውላል። ዕለቱ የካናዳ ብሔራዊ በዓል መሆኑን የሚያስታውስ ብዙ አይገኝም። በብዙ ሰፈር ደረጃው የተሠራው ከቤቱ ውጭ በመሆኑ በጥር ወር በረዶ ሲለብስ ወተት ገዝቶ መመለስ ራሱ ጀብዱ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድበት ቀን አለ። ብርዱን ግን ካፖርት ይመክተዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኬቤክ ከ2023 ጀምሮ «ፍራንሲዛሲዮን ኬቤክ» በተባለ መሥሪያ ቤት በኩል ለመጤዎች በነፃ ፈረንሳይኛ ያስተምራል። ነገር ግን በ2024 ገንዘብ አነሰ ተብሎ አንዳንድ ክፍሎች ተዘግተዋልና እዚያ ስደርስ እማራለሁ ብሎ በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም። ቪዛ የሚጠበቅበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ወራት፥ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ያን ጊዜ በቡና ቤት ወሬ ከማሳለፍ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው አልያንስ ገብቶ፥ የማይመላለስ ደግሞ በስልኩ ትምህርት እየተከታተለ ግሥ ቢያጠና መነሻ ይሆነዋል።

ዋናው ነገር ግን የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ በዚህ ላይ ንግግሬ ከሚሄደው ይልቅ ለሚቀሩት ነው። ወጣቱ እዚያ እንደ ደረሰ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይም ማታ ክፍል ገብቶ ይማራል፥ ወይም በዚያው ሰዓት ተጨማሪ ሥራ ሠርቶ ገንዘብ ይልካል። ገና ሦስት ወር ሳይሞላው ከአምቦ ስልክ ይደወላል። «ጋሼ፥ ለጣራው ቆርቆሮ ጐደለን» ይባላል። ጋሼም ትምህርቱን ትቶ ቆርቆሮውን ይልካል። በሚቀጥለው ዓመት የእኅት ሠርግ፥ በሦስተኛው የአባት ሕክምና ይከተላል፤ ሕክምናው በእርግጥ የማይቀር ነው፥ ቆርቆሮው ግን ይቆይ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ያው መጋዘን ውስጥ በያው ደመወዝ ይገኛል። ደመወዝ የሚያገኙ የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑት ወንድሞቹና እኅቶቹ አንድ ዓመት ብቻ ቤቱን ራሳቸው ቢደግፉና «በዚህ ዓመት አንጠይቅህም፥ ተማር» ብለው ቢሸኙት፥ ከዚያ በኋላ የሚልከው በነርስ ደመወዝ ይሆናል። ይህን ቃል ደግሞ ቦሌ ላይ በዕንባ መካከል ሳይሆን ከመሄዱ በፊት እናትም አባትም ባሉበት ቤት ውስጥ ተነጋግረው ቢቈርጡት ይሻላል።