የትናንት ቀን በዛሬ ገጽ

ድረ ገጹን የከፈትነው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። በድሩፓል የተሠራ የዜና ገጽ ሲሆን፣ አናቱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑን የምታሳይ ትንሽ ብሎክ ጽፌ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አዘጋጁ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ዛሬ እኮ መስከረም 2 ነው፤ ገጹ ግን አሁንም መስከረም 1 ይላል።»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ድሩፓል 8 ወዲህ፣ አንድ ብሎክ ስለ ካሽ ምንም ካልተናገረ ሲስተሙ የሚረዳው «ይህ አይለወጥም» ብሎ ነው። ማክስ ኤጁ -1 ይሆናል፤ ጊዜ አያልፍበትም ማለት ነው። አዲስ ዜና ሲወጣ የዜናው ዝርዝር በታጉ አማካይነት ይታደሳል፤ ቀኗ ግን ከማንም ጋር ስላልታሰረች ባለችበት ትቆያለች። ለእያንዳንዱ እንግዳ ምጣድ ከመጣድ ከመሶብ ማውጣት ይቀላል፤ ካሽም ያው ነው። ክርክሩ መሶቡ ውስጥ ያለው መቼ ይሻግታል የሚለው ላይ ነው።

አንዱ ባልደረባዬ «ካሹን ዝጋው» አለ። ማክስ ኤጅን 0 ማድረግ አንድ መስመር ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ያርመዋል። ሐሳቡን ቀላል አድርጌ አላየውም። ገጹ ላይ «ሰላም» ብሎ የተጠቃሚውን ስም የሚጠራ ሌላ ብሎክም ነበረን። ጸሐፊው በተጠቃሚ የሚለየውን ኮንቴክስት ቢረሳ፣ የአንዱ ስም ለሌላው ይወጣል። የዘገየ ገጽ ያናድዳል፤ የሌላ ሰው ስም ያለበት ገጽ ግን አንባቢው ሁለተኛ እንዳያምነን ያደርጋል። ደግሞም ገጹ በሙሉ ይዘገያል የሚለው ፍርሃት እንደ ድሮው አይደለም። ድሩፓል ማክስ ኤጁ 0 የሆነውን ብሎክ ለይቶ ቦታውን ክፍት ይተውና ሌላውን ከካሽ ይሰጣል፤ ለገባ ተጠቃሚ ደግሞ ቢግ ፓይፕ የቀረውን ተከትሎ ይልከዋል።

ችግሩ ያለው በአካውንት ያልገባው ጎብኚ ጋ ነው፤ የዜና ገጽ አንባቢ ደግሞ አብዛኛው እሱ ነው። ሳይገቡ ለሚያነቡ ሰዎች ሙሉውን ገጽ የሚያስቀምጠው የድሩፓል የውስጥ ገጽ ካሽ የብሎኩን ማክስ ኤጅ አይመለከትም። 0 ብዬ ጽፌ፣ በአስተዳዳሪ አካውንቴ ገብቼ ሳየው መስከረም 2 ይላል፤ ወጥቼ በሌላ ብሮውዘር ስከፍተው መስከረም 1። ይህን በዓይኔ እስካይ ድረስ ጉዳዩ አልቋል ብዬ ነበር። እዚህ የደረሰ ሰው የገጽ ካሹን ጨርሶ የሚገድለውን ትእዛዝ ብሎኩ ውስጥ ይጨምራል። ያኔ ብሎኩ ያለበት ገጽ ሁሉ ለእያንዳንዱ ጎብኚ እንደገና ይሠራል፤ ለአንዲት መስመር ጽሑፍ ይህ ዋጋ በጣም ይበዛል።

ሌላዋ ባልደረባችን ካሹ ይቆይ፣ የሚለወጥበት ምክንያት ግን በታግና በኮንቴክስት ይነገረው አለች። እኔም ወደ እሷ አዘነበልኩ። ነገር ግን የእሷ መንገድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብሎኩ የሚነካው ነገር ሁሉ በስም መጠራት አለበት፤ አንዱ ቢረሳ ስህተቱ ድምፅ የለውም፣ ሎግ ላይም አይታይም። ሰው በሚቀያየርበት ትንሽ ቡድን ውስጥ ይህ እውቀት ከጸሐፊው ጋር አብሮ ይሄዳል። አንድ መስመር ዜሮ ግን ለተተኪው ይቀራል።

በመጨረሻ ለሁለቱ ብሎኮች ሁለት ውሳኔ ሰጠን። የሰላምታዋን ዘጋናት፤ ስም ማንበብ ለሰርቨሩ ምንም አይከብደውም፣ የሚያዩዋትም የገቡ ሰዎች ብቻ ናቸው። ለቀኗ ደግሞ ማክስ ኤጁ እስከ እኩለ ሌሊት የቀረው ሰከንድ ሆነ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብትሠራ 28,800። ቀን የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው ብሎ የተከራከረ ነበር፤ አዘጋጁ እኩለ ሌሊትን መረጠ። ላልገቡት አንባቢዎች የራሷን ታግ ሰጠናትና ያንን ታግ በየሌሊቱ የሚሽር ክሮን አስገባን። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ የተነሳው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር፤ ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዩቲሲ ነውና። አሁን በእሱ ሰዓት 21:01 ላይ ተሞልቷል።