ለአንጋፋ የንግድ ጉዳይ ጠበቆች፦ ረቂቁን ከነምክንያቱ መልሱላቸው

የተከበራችሁ በአዲስ አበባ የንግድ ጉዳዮችን የምትይዙ አንጋፋ ጠበቆች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በቢሮዎቻችሁ ስላሉት ወጣቶች ነው። ከሕግ ትምህርት ቤት ተመርቀው፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈው፣ የንግድ ሕግ ጠበቃ እንሆናለን ብለው እናንተ ዘንድ የመጡትን ማለቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት አገኛቸዋለሁ። አንዱ መዝገብ ቤት ወረፋ ይዟል፤ ሌላዋ የትእዛዝ ግልባጭ ትጠብቃለች፤ ሌላው ቀጠሮው ለመቼ እንደተቀየረ ሰምቶ ለጋሼ ሊደውል ነው። የመዝገቡን ቁጥር በቃላቸው ይወጡታል። ክርክሩ ስለምን እንደሆነ ስትጠይቋቸው ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

መላላኩን አልቃወምም። የዳኝነት ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ፣ መጥሪያ እንዴት እንደሚደርስ፣ አንድ የእግድ ትእዛዝ ተከሳሹ ጋ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ የሚታወቀው እዚያ ደጅ በመጥናት ነው። መዝገብ ቤትን የማያውቅ ጠበቃ ደንበኛውን ያስከፍለዋል። ቅሬታዬ ልጁ ብዕር ከያዘ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ወጣቱ ያረቀቀው ክስ ማታ ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጣል። በማግስቱ ተለውጦ፣ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት ይወጣል። ሦስት ገጽ የነበረው የፍሬ ነገር ዝርዝር አንድ ገጽ ሆኗል፤ በአማራጭ የተጠየቀው ዳኝነት የለም፤ ከማስረጃ ዝርዝሩ ሁለት ሰነዶች ወጥተዋል። ለምን እንደወጡ የሚነግረው የለም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይገምታል፤ ሲገምት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚደርስበት መደምደሚያ «ጋሼ እንዲህ ነው የሚወዱት» የሚል ነው። ሕጉን መማር ሲገባው የእናንተን ጠባይ ይማራል።

በንግድ ጉዳይ ደግሞ ትልቁ ዕውቀት ያለው ሳይጻፍ በቀረው ውስጥ ነው። ባንክ የያዘበትን ቤት በሐራጅ ሊሸጥበት የተነሳበት ነጋዴ ወደ ቢሯችሁ ይመጣል እንበል። «አሳግዱልኝ» ይላል። ወጣቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 154 ገልጦ የእግድ አቤቱታ መጻፍ ይጀምራል። እናንተ ግን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሸጥ እንደሚችል ታውቃላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ በትክክል መድረሱን ነው። ቀጥላችሁ ሰበር ሰሚ ችሎት በዚህ አዋጅ ላይ የሰጣቸው ትርጉሞች የትኛውን በር እንደዘጉ ታስባላችሁ። በመጨረሻ ሰውየው ጥቂት ገንዘብ አቅርቦ ብድሩ እንዲራዘምለት ቢደራደር ይሻለዋል ትላላችሁ፤ ለባንኩም ደብዳቤ ትጽፋላችሁ። ወጣቱ የሚያየው አቤቱታው መሰረዙን ብቻ ነው። ከደንበኛው ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ ሻይ እንዲያዝ ወይም ፎቶ ኮፒ እንዲያደርግ ከክፍሉ ወጥቷል።

ሳይነገረው የቀረ ሰው ወደ ድሮ ፋይል ይሄዳል። «የዚያን ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ አውጣና ስሙን ቀይር» የሚለው ትእዛዝ በስንት ቢሮ ይሰማል! አደጋው እዚህ ላይ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፎች ተሽረው በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል። ማጓጓዣንና ኢንሹራንስን፣ የሚተላለፉ ሰነዶችንና የባንክ ሥራን የያዙት ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፎች ግን ዛሬም ይሠራሉ። ስለ ቼክ ሲከራከር በአሮጌው፣ ስለ አክሲዮን ሲከራከር በአዲሱ ሕግ የሚሠራ ጀማሪ ድንበሩን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። በቀድሞው ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት ይፈልግ ስለነበር፣ ነጋዴው እህቱን ወይም ሚስቱን ለስሙ ያስገባ ነበር። አዲሱ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበር ፈቅዷል። ከድሮ ፋይል የሚገለብጠው ልጅ ግን እህቲቱን ዛሬም ያስገባታል፤ ከዓመታት በኋላ እሷ ወይም ወራሾቿ የትርፍ ድርሻ ሲጠይቁ አዲስ መዝገብ ይከፈታል። ለጠበቃ ገበያ ነው ካላላችሁ በቀር ማንም አይጠቀምበትም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እስከ 2013 ድረስ ሕጉ ጠበቆች በጥብቅና ድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ መንገድ አልከፈተም ነበር። ጠበቃ ብቻውን ቆሞ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ረዳቱ ደግሞ ፈቃድ ባወጣ ማግስት ደንበኛ የሚሻማ ተፎካካሪ። በዚያ ሁኔታ ለልጁ ሁሉን ማሳየት ኪስን መቅደድ ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ግን ድርጅት እንድታቋቁሙ ፈቅዷል፤ ያሠለጠናችሁትን ሰው ሸሪክ አድርጋችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ። ሕጉ ተለውጦ ልማዱ እዚያው ቀርቷል።

የደንበኛ ምስጢርም ምክንያት አይሆንም። ያንኑ ምስጢር የያዘውን ፋይል በታክሲ ይዞ የሚዞረው ያው ልጅ አይደለም እንዴ?

ለንጽጽር እንግሊዝን ልጥራ። እዚያ ባሪስተር ለመሆን የሚሠለጥን ሰው አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር በልምምድ ያሳልፋል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ራሱን ችሎ ችሎት አይቆምም፤ ስሙ የታወቀ ኃላፊ ተመድቦለት እሱ የሚሠራቸውን ጉዳዮች አብሮ ይሠራል፣ ጽሑፉም እየታየ ይታረማል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ያለ ክፍያ ማሠልጠን አይፈቀድም። እዚያም ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ገነት ነው አልልም። ነገር ግን የማስተማሩ ግዴታ ያለበት ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። እኛ ዘንድ ወጣቱ ፈቃድ ለማውጣት የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለሚያስፈልገው፣ ያንን ደብዳቤ የምትፈርሙትም እናንተ ስለሆናችሁ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ እንኳ ሳያገኝ ዝም ብሎ ይሠራል። ይህ በግልጽ ነውር ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ረቂቁን ስታርሙ ምክንያቱን በኅዳጉ ላይ ጻፉለት፤ በወር ጥቂት ጊዜ ደንበኛ ስታነጋግሩ ከጎናችሁ አስቀምጡት፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤውም ላይ «አገልግሏል» ከማለት ይልቅ ምን ምን ክስ፣ መልስና ውል እንዳረቀቀ ዘርዝሩ። ለድካሙም ክፈሉት። የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም ይህን ለአባላቱ ፈቃደኝነት ብቻ ሳይተው የአሠራር ደንብ ያድርገው።

ከአክብሮት ጋር፣
በሙያው ያለ ታናሻችሁ