«ፎርማት ይደረግ!»

በዚህ ከተማ አንድ ኮምፒዩተር አልነሳም ካለ ፍርዱ ሳይመረመር ያለቀ ነው። ክስ የለ፣ ምስክር የለ፣ ይግባኝ የለ፤ «ፎርማት ይደረግ!» ነው። እስቲ ከመገናኛ እስከ መርካቶ ያሉትን ጥገና ቤቶች ዙሩና «መነሳት ሲጀምር ይጠፋብኛል፤ መልሶ ይነሳል፤ መልሶ ይጠፋል» በሏቸው። «መቼ ነው የጀመረው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ጠያቂ ካገኛችሁ ያንን ቤት አትልቀቁት፤ ለወዳጅም ጠቁሙት። አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት ግን ይኼንን ነው፦

«ጋሼ፣ ሲስተሙ ተበላሽቷል። ፎርማት ይደረጋል።»

«ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?»

«ቫይረስ ይሆናላ!»

«ውስጡ ያለው ጽሑፍስ?»

«ሲ ላይ ነው ዲ ላይ ያስቀመጡት?»

«ኧረ እኔ ሲ እና ዲ አላውቅም፤ ስከፍተው ፊት ለፊት የሚታየው ነው።»

«እንግዲህ… ነገ ከሰዓት ይምጡ።»

እናላችሁ፣ ነገ ከሰዓት ኮምፒዩተሩ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ይጠብቃችኋል። ይነሳል፣ ይፈጥናል፣ ያብለጨልጫል። ከፍላችሁ፣ አመስግናችሁ፣ ተሸክማችሁ ትገባላችሁ። ቤቱ ባዶ መሆኑ የሚገባችሁ ማታ ስትከፍቱት ነው። የልጅቷ የመጀመሪያ ልደት ፎቶ የለም። የእድሩ ሒሳብ የለም። የአባታችሁ ድምፅ ተቀድቶ የተቀመጠው የለም። «ፊት ለፊት የሚታየው»፣ ማለትም ዴስክቶፕ ላይ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ዊንዶውስ በተጫነበት በሲ ክፍል ውስጥ ነው። ፎርማት የሚደረገውም እሱው ነው። ይኼንን ጠጋኙ ያውቃል፤ ባለቤቱ አያውቅም። መናገር የነበረበት ማን ነው?

ባስተማርኩባቸው ዓመታት የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲደርስ ዓይናቸው ደም መስሎ ቢሮዬ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። «መምህር፣ ኮምፒዩተሬ ፎርማት ተደረገብኝ።» ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ ተደረገብኝ! እንደ ዝርፊያ፣ እንደ ሰማይ ቁጣ። ለምን ተደረገ? አይታወቅም። አንዳንዱ ያጣው ገጠር ድረስ ወርዶ ከሽማግሌ አፍ የቀዳውን ተረትና ቀረርቶ ነበር። ጽሑፍስ በድጋሚ ይጻፋል። ሽማግሌው ግን ዳግም ቢፈለግ አፈር ለብሷል።

ፎርማት ራሱ ወንጀል ነው አላልኩም። ዊንዶውሱ ከጥገና ውጪ ሲሆን፣ ውስጡ ያለውም ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ከተገለበጠ በኋላ ይደረግ፤ ማን ከለከለ? እኔ የምጣላው ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው። ምርመራ ሳይኖር ቀዶ ጥገና! ሆድ ቁርጠት ይዞት የመጣውን ሁሉ ሆዱን የሚቀድ ሐኪም ብናይ ከተማውን በጩኸት እናናጋው ነበር። ኮምፒዩተር ሲሆን ግን ከፍለን እንወጣለን።

ያቺን «ቫይረስ ይሆናላ» የምትል ቃል ደግሞ እንዳትንቋት። ድሮ ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ቡዳ ነበር፤ ዛሬ ቫይረስ ሆኗል። ሁለቱም የሚመቹት ምርመራን ለማስቀረት ነው። ቡዳ በላው የተባለን ልጅ ወባ ይሁን ታይፎይድ ማን ያይለታል? ቫይረስ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ፣ በየፍላሹ ይዞራል። ግን ካለ ስሙ ይነገረን፤ ቫይረስ የሚያድን ፕሮግራም ሲይዘው ስሙን ጽፎ ያሳያል። ስም የሌለው ቫይረስ ወሬ ነው።

እኔ የመጽሐፍ ሰው ነኝ፤ ማሽን የማውቀው ከደጅ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። የሚያነብንና የማያነብን ሰው መለየት ግን እንጀራዬ ነበር። ግጥሙን ሳያነብ «ገጣሚው ሊል የፈለገው…» ብሎ የሚጀምር ተማሪ ሞልቶ ነበር፤ የጠጋኞቻችን ነገር እሱን ያስታውሰኛል። ምክንያቱም ዊንዶውስ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አይወድቅም፤ ጽፎ ነው የሚወድቀው። ያ ሁላችን የምንፈራው ሰማያዊ ገጽ (በቅርቦቹ ዊንዶውስ 11 ላይ ጥቁር ሆኗል) የኑዛዜ ቃል ነው። አንዴ «የምነሳበትን ዲስክ ላገኘው አልቻልኩም» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ያወጣል። ሌላ ጊዜ የማስታወሻው አያያዝ እንደተምታታበት ይናገራል። አንዳንዴም የጥፋተኛውን ፋይል ስም ሳይቀር ይጠራል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ምስክሩ ስም እየጠራ እኛ አፉን ይዘን እንቀብረዋለን።

«ኧረ ቶሎ ስለሚጠፋ አይነበብም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ዊንዶውስ ሲወድቅ ራሱን መልሶ እንዲያስነሳ ተደርጎ ስለሚመጣ ጽሑፉ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ይሄዳል። ግን ይኼ ይዘጋል። በዊንዶውስ 7 እና ከዚያ በፊት በነበሩት ገና ሲነሳ ኤፍ 8ን መጫን ነው፤ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ስትወድቅ ራስህን አታስነሳ» የሚል ምርጫ አለ። 10 እና 11 ደግሞ በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅታቸው የጥገናውን ገጽ ራሳቸው ይከፍታሉ። እዚያ ውስጥ ሴፍ ሞድ አለ፤ የመጨረሻውን ማሻሻያ መንቀያ አለ፤ ተመዝግቦ ከተቀመጠ ወደ ቀድሞው ጤነኛ ቀን መመለሻም አለ። ፎርማት ከመወሰኑ በፊት የሚንኳኩ ሦስት በሮች ማለት ናቸው።

የሚወድቅበት ሰዓት ራሱም ይናገራል። ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ የሚሠራው ዊንዶውስ አይደለም። ፓወር ሰፕላዩ ኤሌክትሪኩን ያከፋፍላል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ፕሮግራም ራሙን፣ ዲስኩን፣ ኪቦርዱን «አለህ ወይ?» እያለች ትጠራለች፤ «አቤት» ካሏት በኋላ ነው ዊንዶውስ ከዲስኩ ላይ የሚቀሰቀሰው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ ገና ሳይጀምር እየጠፋ ዊንዶውሱን መቅጣት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ባዮስ የሚባለውን ገጽ ከፍቶ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ መተው። እዚያው ላይ እያለ ከጠፋ ዊንዶውስ ነፃ ነው፤ ፎርማትም ከንቱ ነው። ሩብ ሰዓት! አንድ ማኪያቶ ይበቃዋል።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ይሆናል? በእኛ አገር መጀመሪያ የሚጠረጠሩት መብራትና አቧራ ናቸው። መብራት በሄደ ቁጥር ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ በሥራ መሐል ይቆረጣል፤ ያን ሰዓት ዲስኩ እየጻፈ ከነበረ የጻፈው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። 220 መሆን የሚገባው ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል ፓወር ሰፕላዩ ይደክማል፤ በርሜል መሳይ ካፓሲተሮቹ አናታቸው ያብጣል። አቧራው ፋኑን ይዘጋዋል፤ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ከምቃጠል ብሎ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ራሙ ከመቀመጫው ላላ ይላል፣ ወይም ወርቃማ ጥርሱ ይቆሽሻል፤ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ በላጲስ አሸት አድርጎ መመለስ ስንቱን አድኗል! ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ደግሞ ቀጭ ቀጭ ሊል ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ፎርማት ከሥሩ የሚፈውሰው አንድም የለም። እየሞተ ላለ ዲስክ እንዲያውም ፎርማት ማለት ለጣረሞት ታማሚ ሩጫ ማዘዝ ነው።

«ግን እኮ ከፎርማት በኋላ ይሠራል!» የሚል ሙግት አለ። አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ትኋንን ቤት አቃጥሎ ማጥፋትም ይሠራል። ችግሩ፣ ምክንያቱ ስላልታወቀ ያው ይመለሳል። ጥፋቱ አንድ ያልተስማማ ድራይቨር ከነበረ፣ ጠጋኙ ያንኑ ድራይቨር መልሶ ይጭነውና ኮምፒዩተሩ ያንኑ መውደቅ ይወድቃል። ከዚያስ? ሌላ ፎርማት!

«ይኼ ሁሉ ጣጣ ለማን?» ለሚል አንድ ነገር ላስታውስ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ ስህተት ያለበት ማሻሻያ ለደንበኞቹ ላከ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ልክ እንደኛው ሆኑ፤ ይነሳሉ፣ ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ይወድቃሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተጨናነቁ። የወጣው መፍትሔ ምን ነበር? በሴፍ ሞድ ማስነሳት፣ ጥፋተኛዋን ፋይል ማጥፋት፣ እንደገና ማስነሳት። በቃ። ብዙዎቹን ሠራተኞች አንድ በአንድ እየዞሩ በእጃቸው ነው ያስነሷቸው። እስቲ ያ ሁሉ ማሽን በእኛ ሰፈር ሕግ ቢዳኝ አስቡት!

ጠጋኞቹም መልስ አላቸው፤ መልሳቸው ደግሞ ከንቱ አይደለም። «ጋሼ፣ ደንበኛው የሚከፍለኝ ለፎርማት ነው፤ ለማሰብ ማን ይከፍለኛል?» ይላሉ። እውነት ነው። ግማሽ ቀን መርምሮ «ራሙ ላልቶ ነበር፤ አስተካከልኩት» ያለውን ልጅ «ለዚህች ብቻ ይኼን ያህል?» ብለን የምንከራከረው እኛው ነን። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ዓይናችን ስላየ እንከፍላለን፤ እውቀት ሲሸጥልን ግን የተዘረፍን ይመስለናል። «ዛሬውኑ ይድረስልኝ» ብለን አናቱ ላይ የምንቆመውም እኛ ነን። ቢሆንም! ደንበኛ ስለተቻኮለ የሰው ማስታወሻ ማጥፋት አይፈቀድም። ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል፦ «ይኼን ካደረግኩ ይኼ ይጠፋብዎታል፤ መጀመሪያ ልገልብጥልዎት?» ይህቺን ያላለ ጠጋኝ እጁ የቱንም ያህል ቢፈጥን እምነት አጉድሏል።

የሚያንገበግበኝ ነገሩ ከኮምፒዩተር ያለፈ መሆኑ ነው። የጥንት ብራና ያገላበጠ ሰው ያውቀዋል፤ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ጥቂት አይደለም። መፋቅ የቆየ ልማዳችን ነው። አዲስ ኃላፊ መሥሪያ ቤት ሲገባ የቀድሞውን ፋይል ወደ ምድር ቤት ያስጥላል፣ አርማውን ይለውጣል፣ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል፤ የቀድሞው ለምን እንደወደቀ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ እሱም እዚያው ቦታ፣ በዚያው ምክንያት ይወድቃል። ብራናስ ሲፋቅ ጥላው ይቀራል፤ ዓይን ያለው ሰው ከሥሩ ያነበዋል። ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ዲስክ ግን ለተራው ሰው ጥላም አይተውለት።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ደንበኛ ሆነን የምንችለውን እናድርግ። ኮምፒዩተሩን ተሸክማችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ጻፉ፦ መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ምን ተጫነ፣ ምን ተነቀለ? መብራት ሄዶ ነበር ወይ? የሚወድቀው የዊንዶውስ ምልክት ከመታየቱ በፊት ነው በኋላ? የስህተቱን ገጽ በሞባይላችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ «መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ገልብጥልኝ» በሉ። ዊንዶውሱ ባይነሳም ይቻላል፤ ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሥርዓት ከፍላሽ ላይ አስነስቶ፣ የታመመውን ሳይቀሰቅሱ ፋይሉን ማውጣት ነው። ዲስኩን ነቅሎ ጤነኛ ኮምፒዩተር ላይ መሰካትም አለ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ለምርመራው ዋጋ ተስማሙና ክፈሉ፤ ያለ ማጉረምረም! በመጨረሻም «ምን ሆኖ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «እንጃ፣ ብቻ አሁን ይሠራል» ከሆነ ኮምፒዩተሩ አልተጠገነም፤ ቀጠሮ ነው የተሰጠው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የእኛ ኮምፒዩተር ግን በሽታውን አልደበቀም፤ በወደቀ ቁጥር ጽፎ ይናገራል። የማናነበው እኛ ነን። ፎርማት የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ የመጨረሻውን መጀመሪያ የሚሰጥ ሐኪም ደግሞ ሐኪም አይባልም፤ ቀባሪ ነው።