ማንን ነው ያልተገናኘሁት?

አጎቴ ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። በአንድ ሰኔ መባቻ ለማዳበሪያ መግዣ ብድር ጠይቆ መልስ ሲጠባበቅ፣ በስልኩ እንዲህ የሚል መልእክት ገባለት፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ለጠየቁት ብድር መስፈርቱን አልተገናኙም። እናመሰግናለን።»

አጎቴ ማንበብ ይችላል። ልጅ ሆኖ ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበው፣ ከዚያ ልጁን አስነበበው። ሁለቱ ተመካክረው የደረሱበት ነገር ይሄ ነው፦ አጎቴ ሊገናኘው የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ አልተገናኘውም። ስለዚህ በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ በሬዎቹን አስሮ፣ ጭቃውን እያቦካ ቁይ ድረስ ሄደ። ቢሮው ውስጥ ገብቶ «እንድገናኘው የተባልሁት ሰውዬ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም አሉት። ምናልባት ምሳ ወጥቶ ይሆናል ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጅ ጠና። ማታ ደወለልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራ ትል የለ? እስቲ ንገረኝ። ይኼ መስፈርቱ የሚሉት ሰውዬ ማን ነው? ማንን ነው ያልተገናኘሁት?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥዬ ዝም አልሁ። ምክንያቱም መልእክቱን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ።

በትክክል ለመናገር፣ የጻፈው ማሽን ነው፤ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ያኔ የምሠራበት ድርጅት ሥርዓቱን በእንግሊዝኛ ሠርቶ ጨርሶ «አማርኛውን ደግሞ በነገው ቀን አድርስ» አለኝ። ሁለት መቶ ምናምን አጫጭር አረፍተ ነገሮችን በአንድ ሌሊት ወደ ማሽን ተርጓሚ ከተትሁ፣ የወጣውን ገልብጬ ለጠፍሁ፣ ተኛሁ። እንግሊዝኛው «ሚት» ይል ነበር። ማሽኑ «ተገናኘ» አለ። እኔም «ልክ ነው» ብዬ አለፍሁ። የቁይ ልጅ፣ አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው፣ ልክ ነው አልሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን «ልክ ነው» ለመክሰስ ነው። የእኔን ብቻ አይደለም፤ የእናንተንም።

ሀን ከለ ጋር አዛምዱ

የእንግሊዝኛ ቃላት ደብተራችሁን አስታውሱ። መሐሉ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። ሚት፦ መገናኘት። ቴክ፦ መውሰድ። ጌት፦ ማግኘት። ፈተናው ሲመጣ ደግሞ «በ‹ሀ› ሥር ያሉትን በ‹ለ› ሥር ካሉት ጋር አዛምዱ»። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ባል፣ ለእያንዳንዱ ባል አንዲት ሚስት። ቋንቋን የተማርነው በ«አዛምዱ» ነው።

መምህሮቻችንን አልወቅስም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። በሰባ ልጆች መካከል በጠመኔ የሚያስተምር ሰው ከሁለት ዓምድ ሌላ ምን ያድርግ? ወቀሳዬ እኛ ላይ ነው። እኛ ዲግሪ ይዘን፣ ላፕቶፕ ይዘን፣ ዛሬም ያንኑ ደብተር ተሸክመን እንዞራለን። ልዩነቱ አሁን ደብተሩን ኮድ ውስጥ ከትተን ለሚሊዮኖች ስልክ መላካችን ነው።

አንድ ቃል፣ አሥር ቤት

እስቲ ይሄን «ሚት» የሚባል ቃል ቁይ ይዘነው እንሂድ።

እናቴ ከቁይ አውቶቡስ ተሳፍራ አዲስ አበባ ስትመጣ መናኸሪያ ሄጄ *እቀበላታለሁ*። እንግሊዝኛው «ሚት» ይላል። «እማዬ፣ መናኸሪያ እንገናኝ» ብላት ግን ምን ያህል እንደምትቀየመኝ አስቡት። መቀበል ውስጥ ቀድሞ መድረስ አለ፣ ዕቃ መሸከም አለ፣ «እንኳን ደኅና መጣሽ» አለ። መገናኘት ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም።

የክፍል ጓደኛዬን እህት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያት *ተዋወቅን*፤ «ሚት»። ያንኑ ጓደኛዬን ከዓመታት በኋላ ፒያሳ ሳላስበው *አገኘሁት*፤ «ሚት»። ለቅዳሜ *ተቃጠርን*፤ አሁንም «ሚት»። ተቃጥሮ መቅረት ያስወቅሳል፤ መንገድ ላይ ሳይገናኙ መቅረት ማንንም አያስወቅስም። በእንግሊዝኛው ግን ሁለቱም እዚያው ናቸው።

ስብሰባው ሲመጣማ ቤቱ ይበዛል። ቀበሌው *ይሰበሰባል*፤ ሸንጎ *ይቀመጣል*፤ ችሎት *ይሰየማል*፤ ማኅበር ደግሞ *ይጠጣል*። አዎ፣ ይጠጣል! እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፤ «ማኅበር ተሰበሰብን» ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ «ማኅበር ጠጣን» ነው የምትለው። ሰዎቹ ስለ ተገጣጠሙ አይደለም ማኅበር የሚሆነው፤ ጽዋው ስለ ዞረ ነው።

መስፈርት *ይሟላል*። ዕቅድ *ይመታል*። ወጪ *ይሸፈናል*። ቀነ ገደብ ላይ *ይደረሳል*። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና *ይጋጠማሉ*። እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ያው «ሚት» ናቸው። የትኛው ላይ ነው «ተገናኘ» የሚያስኬደው? ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ ሲገናኙ፣ ወይም ታክሲና ባቡሩ መገናኛ ላይ ሲገናኝ። ለወንዝና ለመንገድ ይሠራል። ለአጎቴ ብድር አይሠራም።

ደግሞ ሰዋስዉን ተመልከቱ። እንግሊዝኛው ሰውዬውን ባለቤት አድርጎ «ሞቱን ሚት አደረገ» ይላል። በእኛ ቋንቋ ሰውዬው ሞትን አያገኝም፤ *ሞት ነው የሚያገኘው*። ችግር *ገጠመኝ* እንላለን፤ ገጣሚው ችግሩ ነው፣ እኔ መንገዴን ስሄድ የተገጠመብኝ ነኝ። ይሄንን አገላብጦ የሚለጥፍ ተርጓሚ የቃል ስሕተት ብቻ አይደለም የሠራው፤ ማን ምን እንዳደረገ ነው የቀየረው።

ይህን ስል «አማርኛ ሀብታም፣ እንግሊዝኛ ደሃ» የሚለውን የፌስቡክ ዘፈን እንዳልዘፍን። ውሸት ነው። የእኛም ‹ገጠመ› ያው ነው። በር ይገጥማል። ጠላት ይገጥማል። ሰኔና ሰኞ ይገጥማል። ገጣሚ ስንኝ ይገጥማል። አንድ እንግሊዛዊ ተማሪ ‹ገጠመ›ን ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አዛምዶ «ባለቅኔው ከጠላት ጋር ተዋጋ» ብሎ ቢተረጉም እንስቅበታለን። የ«ሚት»ም ታሪክ እንዲሁ ረጅም ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ከዚሁ ቤተሰብ የወጣው ‹ሙት› የሚባል ቃል ሸንጎ ማለት ነበር። ሁሉም ቋንቋ ውስጥ ብዙ ቤት የሚያስተዳድሩ ግሦች አሉ። ችግሩ የሚመጣው የአንዱን ቋንቋ አባወራ ወስደን በሌላው ቋንቋ አንድ ክፍል ውስጥ ስንቆልፈው ነው።

ሰዎቹ ነግረውን ነበር

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 ዋረን ዊቨር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው፣ ኮምፒውተር ገና ክፍል የሚሞላ ብረት በነበረበት ጊዜ፣ ስለ ማሽን ትርጉም አንድ ማስታወሻ ጻፈ። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ አንድ መጽሐፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ወረቀት አስቀምጠህ አንድ ቃል ብቻ ቢታይህ ትርጉሙን ማወቅ አትችልም፤ ቀዳዳውን ግራና ቀኝ ስታሰፋው ግን ከሆነ ቦታ በኋላ ትርጉሙ ይገለጥልሃል። 

የእኛኑ ቋንቋ በተመለከተ ደግሞ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሰውዬው መጽሐፉን «የዐውድ መዝገበ ቃላት» ነው ያለው። ቃል በቃል አላዛመደም፤ የእንግሊዝኛ ቃላቱን በዐውዳቸው አስቀምጦ ነው አማርኛቸውን የሰጠው። ፖላንድ የተወለደ ሰው ከሃምሳ ዓመት በፊት የገባው ነገር፣ እኔ የቁይ ልጁ ጎጃም ለሚኖር አጎቴ ስጽፍ አልገባኝም።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን የራሳችን ሙያ ነው። ሶፍትዌር ለትርጉም ሲሰናዳ አረፍተ ነገሮቹ ከቦታቸው ተነቅለው በአንድ ፋይል ይደረደራሉ። በተኑ ላይ የነበረው «ሚት» በተኑን አጥቶ፣ ስክሪኑን አጥቶ፣ የሚያነበውን ሰው አጥቶ ብቻውን ይቆማል። ዊቨር ያላት ቀዳዳ ማለት ይህች ናት፤ ሆን ብለን አጥብበናታል። ጌትቴክስት የሚባለው የቆየ የትርጉም መሣሪያ ለዚሁ ሲባል ዐውድ የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ «ይህ ቃል የብድር መስፈርትን ይመለከታል» ብለህ ትጽፋለህ፣ በቃ። አንድ መስመር ናት። ስንቶቻችን ሞልተናት እናውቃለን? እኔ በአምስት ዓመት ሥራዬ ባዶ ያልሆነ አላየሁም፤ የራሴን ጨምሮ።

«ኧረ ተወን፣ ማሽኑ ይሻሻላል»

ሲሟገቱኝ የሚሉት መጀመሪያ ይሄንን ነው። እውነት ነው፣ ተሻሽሏል። ጎግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ የያኔውንና የአሁኑን ያየ ልዩነቱን ያውቀዋል። ሙሉ አረፍተ ነገር ስትሰጠው ብዙ ጊዜ ደኅና ይመልሳል። ግን እኛ ሙሉ አረፍተ ነገር መቼ ሰጠነው? የተቆረጠ ጭራ ሰጥተን ሙሉ በሬ እንጠብቃለን። ደግሞስ፣ ማሽኑ አጎቴን አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ። ማሽኑ «አንተ» ይበለው ወይስ «እርስዎ»፣ ሴት ትሁን ወንድ፣ የሚያነበው ቆሞ ይሁን ተቀምጦ የመንገር ኃላፊነት የማን ነው?

ሁለተኛው ሙግት «አንተ የቋንቋ ፖሊስ ነህ» የሚል ነው። አይደለሁም። «ሚቲንግ አለብኝ» የሚል ሰው አያናድደኝም፤ እኔም እላለሁ። ቢሮ ውስጥ ሚቲንግና ስብሰባ አንድ አይደሉም። ሚቲንግ በጎግል ሚት ግማሽ ሰዓት ነው፣ ካሜራ ተዘግቶ። ስብሰባ አዳራሽ አለው፣ የታሸገ ውኃ አለው፣ አንዳንዴም አበል አለው። ሕዝቡ ቃሉን ተውሶ ለራሱ ሥራ ሰጥቶታል፤ ይሄ የቋንቋ ጤንነት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ፊደሉ ሁሉ አማርኛ ሆኖ፣ ቃሉ ሁሉ አማርኛ ሆኖ፣ አማርኛ ተናጋሪ ግን የማይገባው ጽሑፍ ነው። «አዲስ ሰዎችን ይገናኙ»። «ግቦን ተገናኝተዋል»። «ግንኙነት ይጀምሩ» የሚል በተንማ ምን ሊያስታውስ እንደሚችል እዚህ አልዘረዝርም።

ሦስተኛው ሙግት ግን ያመኛል፦ «ለዚህ እኮ ነው እንግሊዝኛው ላይ የማደርገው፤ አማርኛ ለቴክኖሎጂ አይሆንም።» ስልካችሁን በእንግሊዝኛ የምትጠቀሙት ብዙዎቻችሁ ይሄን ትላላችሁ። እንግሊዝኛ መምረጥ የሚችል ሰው የሚያማርጥበት ነገር አለው። አጎቴ የለውም። እኛ በግዴለሽነት አበላሽተን እንጽፍለታለን፣ ከዚያ የተበላሸውን አይተን «ቋንቋው ነው» እንላለን። ዳኛም ሌባም እኛው።

የጎደለው

በዚያ ማታ ለአጎቴ ይቅርታ ጠየቅሁት። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ «አልተገናኙም» የሚለውን «አላሟሉም» በሚል ቀየርሁት። «መስፈርቱን አላሟሉም።» ልክ የሆነ አማርኛ ነው፤ የትኛውም የአማርኛ መምህር ያርመዋል ብዬ አልሰጋም። ኮራሁና ለአጎቴ ደውዬ አነበብሁለት።

«ጥሩ» አለኝ። «እና ምን ጎደለኝ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ከ«ሚት» ወደ «ተገናኘ»፣ ከ«ተገናኘ» ወደ «አሟላ» ስሮጥ፣ አሁንም ሀን ከለ እያዛመድሁ ነበር፤ የተሻለ ባል ፈለግሁላት እንጂ። የአጎቴ ጥያቄ ስለ ቃሉ አልነበረም። ምን አድርግ ተብያለሁ ነው ያለው። እንግሊዝኛውም ራሱ ይሄንን አልተናገረም። ሥርዓቱ ግን ያውቀው ነበር፤ ቁጥሩ እዚያው ተቀምጧል። ማንም ስላልጠየቀው ዝም አለ።

አሁን መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ብድሩን ለመውሰድ ቁጠባዎ ላይ 300 ብር ይጎድላል።» ውስጡ «ሚት» የለም። «መስፈርት» የሚባል ሰውዬም የለም።

300 ብር ነበር። ሙሉ ቀን ደጅ ያስጠናው፣ በሬ አስሮ ጭቃ ያስቦካው 300 ብር። በማግስቱ ገንዘቡን ይዞ ተመልሶ ሄደ፤ ብድሩንም አገኘ። በሰኔ ሁለት የእርሻ ቀን ማለት ግን ምን ማለት እንደሆነ፣ የምታውቁት ገበሬ ካለ ጠይቁት።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። አማርኛ የምትጽፉ ዲቨሎፐሮች፦ የጻፋችሁትን ስክሪኑ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ለሚጠቀምበት ሰው በስልክ አንብቡለት። ለእናታችሁ፣ ለአያታችሁ፣ ሰፈር ላለች ባለ ጉሊት። «ምን አልሽ?» ብሎ መልሶ ከጠየቃችሁ አላለቀም። ያቺን ባዶ የዐውድ መስመር ሙሏት። የማትጽፉት ደግሞ፣ ስልካችሁን አንድ ሳምንት በአማርኛ አድርጉና ያያችሁትን ስሕተት ሁሉ ለሠሪዎቹ ላኩላቸው። አስቸግሯቸው። እኔን ያስቸገረኝ አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ባይደውል ኖሮ ያ መልእክት ዛሬም ገበሬዎችን ሌላ መስፈርቱ ፍለጋ ይልክ ነበር።