የቀይ ቀበሮው ፎቶግራፍ

በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ባለቤቴና እኔ ለመሄድ ስንነሣ፥ ለትምህርቱ ሲል ከአያቱ ጋር የሚቀረው ልጃችን የለመነን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አባባ፥ የቀይ ቀበሮ ፎቶግራፍ አምጣልኝ» አለኝ። እኔም ነገሩ ቀላል መስሎኝ ቃል ሰጠሁት።

ከጎባ ከተማ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ወደ ሰነቴ አምባ ወጣን። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ጥቂት የተራመደም ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ጉሙ እስኪገፈፍ ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ከጅብራው ሥር አንድ ቀይ ቀበሮ ብቅ አለ። ይህ አውሬ ከወገኖቹ ጋር በመንጋ የሚኖር ቢሆንም፥ ፍልፈል ሲያድን ግን ብቻውን ነው። እኔ የካሜራዬን መስተዋት ስወለውልና ርቀቱን ሳስተካክል ቆይቼ ቀና ባልሁ ጊዜ፥ ቀበሮው ርቆ ሄዶ ነበር።

«መኪናውን ከመንገድ አውጥተን እንከተለው» አልሁ። መንገድ መሪያችን ግን፤ «ጋሼ፥ ይቅርብዎ። ካባረርነው የዛሬ ምግቡን እንነሣዋለን። በዓለም ላይ የቀሩት እኮ 500 አይሞሉም፤ ከአገራችንም በቀር የትም አይገኙም» ብሎ ከለከለኝ። እኔም ተቆጥቼ፤ «ይህን ሁሉ ገንዘብ የከፈልሁት ለጉም ነውን?» አልሁት። እርሱ ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቤት ገብተን ፎቶግራፉን ባሳየሁት ጊዜ ልጄ አተኩሮ ተመለከተና፤ «ይህች ቀይ ነጥብ ናት ቀበሮው?» ሲል ጠየቀኝ። ቀጥሎም፤ «ሲያድን እንዴት ያደርጋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ አላየሁትምና።

ጋቢዋን ተከናንባ ባዶ እጅዋን ተቀምጣ የነበረችው እናቱ ግን ሁሉን አይታ ኖሯል። ፍልፈሉ ሣር ሊግጥ ራሱን ከጉድጓዱ እንዴት እንዳወጣ፥ ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ በደረቱ እንዴት እንደ ተሳበ፥ ከዚያም እንዴት ዘሎ እንደ ያዘው ነገረችው። ልጁም ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወደ እርስዋ ተጠጋ።

ውድ አንባቢዎቼ፥ በገንዘባችን የምንገዛው መንገዱን እንጂ አውሬውን አይደለም፤ እርሱ ባለዕዳችን አይደለምና። ስለዚህ ወደ ዱር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ በዓይኑ ይመልከት፤ ፎቶግራፉ ከዚያ በኋላ ቢገኝም መልካም፥ ባይገኝም ለልጆቹ የሚነግረው አያጣም።