ጥርሴን እፍቃለሁ

የመታወቂያ ፎቶዬን ያየ ሁሉ «ምን ያኮሳትርሃል?» ይለኛል። ኮስታራ ሆኜ አይደለም። አፌን ገጥሜ ፎቶ መነሣት የለመድኩት በልጅነቴ ነው፤ ጥርሴ ቡናማ ስለሆነ። ያደግኩት ከስምጥ ሸለቆዋ ከተማ ከመቂ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። እማዬ ጠዋት ጠዋት በከሰል ዱቄትና በጨው ጥርሴን ታስፈትገኝ ነበር። መፋቂያም ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም። ድዴ ደማ እንጂ ጥርሴ አልነጣም። አዲስ አበባ ለትምህርት እንደገባሁ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ያየኝ ባለሙያ ገና አፌን ስከፍት «አንተ ልጅ፣ ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ዝም አልኩ።

አንድ ነገር ግን ያኔም ይከነክነኝ ነበር። ከጎጃም ተመድበው የመጡት የአማርኛ አስተማሪያችን ከእኛው ጉድጓድ ዓመታት ሙሉ ጠጥተው ጥርሳቸው እንደ ወተት ነጭ ነበር። እዚያው የተወለዱት ልጆቻቸው ግን እንደኛው ቡናማ ሆኑ። ሰፈሩም «የእናትየዋ ስንፍና ነው» ብሎ ፈረደባቸው። አባትየው ለምን እንደተረፉ የጠየቀ አልነበረም።

መልሱን ያገኘሁት ኬሚስትሪ ሳጠና ነው፤ በኋላም ሠላሳ ዓመት አስተማርኩት። ለካ የእኛን እንቆቅልሽ አሜሪካኖችም ታግለውበታል። ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ ሲጀምር የአገሬው ተወላጅ ጥርስ ቡናማ ሆኖ ጠበቀው። ካደጉ በኋላ ወደ ከተማዋ የመጡት ደኅና ነበሩ። ደግሞ የሚገርመው፣ ያ ቡናማ ጥርስ በቀላሉ አይቦረቦርም። ነገሩ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1931 ቸርችል የተባለ የአልሙኒየም ኩባንያ ኬሚስት ችግሩ ያለባቸውን ቦታዎች ውኃ መርምሮ ፍሎራይድ በብዛት አገኘበት።

የፍሎራይድ መነሻ የሆነው ፍሎሪን በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ዘጠነኛው ነው። ከሌላው ጋር ለመጣመር የሚቸኩል በመሆኑ በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም ማለት ይቻላል። በተለይ ካልሲየም ይወዳል፤ ጥርስና አጥንታችን ደግሞ በዋናነት ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠሩ ናቸው። ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን የጥርስን ሽፋን ያጠነክራል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ሲበዛ ግን ገና በድድ ውስጥ የሚሠራውን የሕፃን ጥርስ ያበላሸዋል። እስከ ስምንት ዓመት ገደማ የአብዛኛው ቋሚ ጥርስ ሽፋን ተሠርቶ ያልቃል። አስተማሪያችን የዳኑት በመፋቂያ ብርታት ሳይሆን ጥርሳቸውን ጎጃም ጨርሰው ስለመጡ ነው።

አጥንት ግን ዕድሜ አይመርጥም። ብዙ ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ሰው አከርካሪው ሊደነድን ይችላል። ሐኪሞቻችን ይህን በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ አይተው ከጻፉ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። እኔም አይቼዋለሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት ሰው ሲጠራቸው አንገታቸው አይዞርም፤ ከነትከሻቸው ነበር የሚዞሩት። «ብርድ ነው» ተብሎ ቅቤ ሲቀቡ ኖሩ።

ለመሆኑ ስምጥ ሸለቆ ምን በድሎ ነው? ምድሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ውኃው በዚያ ድንጋይ መካከል ሲሄድ ፍሎራይዱን ያሟሟል። ካልሲየም የበዛበት ውኃ ቢሆን ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር። የእኛ ውኃ ግን ብዙ ጊዜ በሶዳ የበለጸገ፣ በካልሲየም የደኸየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የሚለኩ ጉድጓዶች አሉ። አንዱ ጉድጓድ ደኅና ሆኖ ከእሱ ብዙም የማይርቀው መጥፎ ሊሆን ይችላል።

ክፋቱ ደግሞ ዓይንም ምላስም አይለየውም። ኩልል ያለ፣ ሽታ የሌለው ውኃ ነው። ክሎሪን ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። ማፍላት ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ውኃው በእንፋሎት ሲሄድ ፍሎራይዱ ከድስቱ ይቀራልና።

እንግዲህ የምለው አንድ ነገር ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ሪባን ሲቆረጥ ጭብጨባው ለሁላችን ይደርሳል፤ የምርመራው ውጤት ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል። ያ ቁጥር በቦኖው ግድግዳ ላይ በቀለም ይጻፍ፦ ፍሎራይድ ይህን ያህል፣ የተለካበት ቀን ይህ። በየጊዜውም ይለካ፤ ይታደስ።

«ሕዝቡን ማስደንገጥ ነው፤ ሌላ ውኃ ከየት ያመጣል?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እናት ቁጥሩን ካወቀች መምረጥ ትችላለች። ከቆርቆሮ ጣሪያ በንጹሕ በርሜል የተጠራቀመው ዝናብ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ እሱን አፍልታ ለልጆቿ መጠጥና ወጥ ታደርገዋለች፤ በጉድጓዱ ልብስ ታጥባለች። ሁለት ቦኖ ባለበት ሰፈር ቁጥሩ ዝቅ ወዳለው ትሄዳለች። ቀበሌውም ቁጥሩ ሲነበብበት ዝም ለማለት ያፍራል። ማጣሪያም አለ፤ ከተከሰለ አጥንት የሚሠራው በአገራችን ተሞክሯል። ሰዉ «የምን እንስሳ አጥንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እንደ ኋላቀር አይታይ። ቀድሞ ይነገረው፤ በፊቱም ይሠራለት።

ጥርሴ አሁን አይመለስም፤ እኔም ተቀብዬዋለሁ። ለመምህራንና ለሐኪሞች ግን አንድ ልመና አለኝ። ቡናማ ጥርስ ያለው ልጅ ሲመጣላችሁ «አትፍቅም ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ከየትኛው ቦኖ ነው የምትጠጣው?» በሉት።