ከ130 ዓመት በኋላ የደረሰ መርዶ

የዘር ሐረግ ቆጠራችን የተረፈውን ሰው ብቻ ይቆጥራል። ይህ የገባኝ የእናቴን ወገን ትውልድ ምሥራቅ ጎጃም ካሉ ሽማግሌዎች አፍ እየሰማሁ መጻፍ ስጀምር ነው። የእናቴ አጎት በአገሩ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም አንደበታቸው አይደናቀፍም፤ ከእናቴ ተነስተው ወደ አቅኚው አባት ይወጣሉ፣ ከዚያ ደግሞ በወንዱም በሴቱም ቅርንጫፍ ይወርዳሉ። ምንጅላቴ ዘንድ ሲደርሱ «ስድስት ነበሩ፤ እሷ ወለደች» አሉና ወደ ልጆቿ አለፉ።

«አምስቱስ ጋሼ?»

«እነሱ ዘር አልተኩም።»

«ምን ሆነው?»

«በክፉ ቀን አለቁ እንጂ፣ ምን ይሆናሉ!»

ቆጠራው ቀጠለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተጠራውን ስም ሁሉ ብጽፈውም ልቤ እዚያው አምስቱ ጋ ቀርቶ ነበር።

ክፉ ቀንን ማን ያላወቀ አለ? ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ረኃብ የጀመረው ከከብት ነው። የጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ ደጋውን አዳረሰው፤ ከ10 ከብት 9ኙን እንደፈጀ ይገመታል። ዝናቡ ቀረ፣ አንበጣና ተምች ተከተለ። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚሉ አሉ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዐፄ ምኒልክ ዜና መዋዕል ውስጥ ያንን መከራ መዝግበውታል፤ ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸውም እስከ ዛሬ ይነገራል። ጎጃም ላይ ደግሞ ጦርነት ተደርቦበታል። ጥር 1880 የድርቡሽ ጦር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። በ1881 መግቢያ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር አብረውብኛል ብለው ጎጃም ዘመቱ፤ የዘመተውም ጦር የኖረው ከገበሬው ጎተራ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ መተማ ወደቁ። ጎጃሜው ገበሬ ግን የተመዘበረ ጎተራውንና ባዶ በረቱን ይዞ ቀረ።

ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። ከአምስቱ ልጆች ጋር ሳገናኘው ግን ሌላ ነገር ሆነ። የቤተሰቡ ትልቅ ልጅ ወንድ ነበር፤ ለሞፈርና ለቀንበር ደርሷል። እንግዲህ ያ ልጅ አባቱ በሬዎቹን እያከታተለ ሲያጣ አብሮ አይቷል። መሬት አለ፣ ጉልበት አለ፣ ምናልባት የተደበቀ ዘርም አለ፤ የሚጠመድ በሬ ግን የለም። በዶማ የተቆፈረ መሬት የስንት ሰው ሆድ ይሞላል? አንድ ወጣት ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እስኪመሽ እየቆፈረ፣ ቆፍሮ ያዘጋጀው መሬት ታናናሾቹን እንደማያተርፋቸው ቀን በቀን ሲያውቀው ይታየኛል። አፈሩን አውቀዋለሁ፤ በክረምት እግር ይዞ የማይለቅ መረሬ ነው። የደስታ በሽታ ከዓለም ላይ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዜናውን እንደማንኛውም ዜና ሰምቼ አለፍኩ፤ ዛሬ ባነበብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ይህን የነገርኩት አንድ ወዳጄ «ያላየሃቸው ሰዎች ናቸው፤ ከ130 ዓመት በፊት ለሞተ ሰው አሁን ምን ያስለቅሳል?» አለኝ። ጥያቄው በቅንነት የመጣ ስለሆነ በቅንነት ልመልሰው። በእኛ ባህል የሐዘን ቀን የሚቆጠረው ሰውዬው ከሞተበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ወንድሙ ሩቅ አገር ሞቶበት ከዓመት በኋላ የሰማን ሰው «ጊዜው አልፏል» የሚለው የለም። ዘመድ ወዳጅ ሌሊት ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ መርዶ ይነገረዋል፣ እሱም ያለቅሳል፣ እርሙን ያወጣል። ሐዘኑ የሚጀምረው ከሰማበት ቀን ነው። የእኔ ቤት መርዶ አራት ትውልድ ዘገየ። ምንጅላቴ ለልጇ አልነገረችም ወይም ነግራ ልጇ ለአያቴ አላስተላለፈችም፤ አያቴም ለእናቴ አልነገረችም። የነገረኝ ዘር ቆጣሪው ነው፣ ያውም በግማሽ ዓረፍተ ነገር። እርም ማውጣቱ የማን ድርሻ ነው? ከቤተሰቡ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ለምን እንዳልተነገረን ሳስብ ወደ ርስት እመለሳለሁ። በጎጃምና በጎንደር ዘር የሚቆጠረው ለመሬት ነበር። በአባትም በእናትም ወደ አቅኚው አባት ራሱን ማድረስ የቻለ ሰው ከርስቱ ድርሻ ይጠይቃል፤ ያልቻለ ይቀራል። ስለዚህ ዘር ቆጣሪ እንደ ጠበቃም እንደ ምስክርም ነበር፤ በችሎትና በሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ቃሉ መሬት ይሰጣል፣ ቃሉ መሬት ይነሳል። ሳይወልድ የሞተ ልጅ ርስት የሚጠይቅለት ስለሌለ በዚያ ቆጠራ ውስጥ ቦታ የለውም። የእናቴ አጎት ጨካኝ ሆነው አይደለም አምስቱን የዘለሏቸው፤ የተማሩት ጥበብ እንዲዘሉ ያዛቸዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ግን ያ ቆጠራ የቆመለት ጉዳይ አበቃ። ዛሬ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ካልሆነ በቀር ለሌላ እምብዛም አይፈለግም። የሚካፈል መሬት ከሌለ ደግሞ ማንንም የምንዘልበት ምክንያት የለም። አሁን ሳይወልዱ የሞቱትን መቁጠር እንችላለን፤ አለብንም።

ሥራው ግን ከባድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ ሙታን የሚታወሱት በክርስትና ስማቸው ነው፤ «ወለተ ማርያም» የተባለችው የትኛዋ አክስት እንደሆነች የሚያውቅ ሰው በሕይወት ከሌለ ስሙ ብቻውን ይቀራል። በአሮጌ ወንጌሎች ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ተጽፎ ይገኛል፤ ባለመሬቱ እንጂ የተራበው አይጻፍበትም። ወመዘክርም፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ብዙ ሀብት አላቸው፤ የአንድ ገበሬ ቤት አምስት ልጆች ግን እዚያ አይገኙም። የሚገኙት በሰው አፍ ነው፣ ያም አፍ በየዓመቱ እየተዘጋ ነው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው መጽሐፍ ባያደርጉት ኖሮ ስንት ነገር አብሮ ይቀበር እንደነበር አስቡት። እንዲህ ያለ አባት ቤታቸው ያለ ሰዎች እባካችሁ ነገ አትበሉ፤ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል።

በዚህ ረገድ ቤተ እስራኤላውያን ቀድመውናል። በ1970ዎቹ በእግር ወደ ሱዳን ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ያለቁባቸው ወገኖቻቸው ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርዝል ተራራ ተሰብስበው ያስቧቸዋል። ከሞቱት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ዘር አልተኩም ተብለው ግን አልተዘለሉም። ሱዳንን አይቶ የማያውቅ፣ እዚያው እስራኤል የተወለደ ወጣት ቆሞ ሲያለቅስ «አንተን ምን አገባህ» የሚለው የለም።

የምንጅላቴ ታሪክ ግን በሐዘን ብቻ አላበቃም፤ የሚከብደኝም ይኸኛው ነው። እንዴት ተረፈች ብዬ ስጠይቅ የመጣው መልስ በቤታችን እንደ ክብር የሚነገረው ነው፤ «ከደህና ቤት ተዳረች»። ዓመቱን ሳሰላው የተዳረችው በ10 ዓመቷ ገደማ፣ ረኃቡ በጸናበት ጊዜ ነው። ወላጆቿ እህል ላለው ቤት ሰጧት። አንዷን ለማትረፍ አንዷን መስጠት፤ የቀሩትን ደግሞ ሲያልቁ ማየት። ያቺ እናት ልጇን በደጃፍ ስትሸኛት ምን እንዳለቻት ባውቅ ብዙ ነገር እሰጥ ነበር።

ያ እህል የነበረው ቤት ደግሞ ሌላ ልጅ ነበረችበት። አንድ መንገደኛ አባት በእህል ለውጧት ሄደ ይባላል። ቤተሰቡ «እኛ ዘንድ ያደገች» ይላታል። ባሪያ ነበረች። በክፉ ቀን ልጁን የሸጠ፣ ራሱንም ለእንጀራ ያስገዛ ሰው ብዙ እንደነበር የዘመኑ ጽሑፎች ይመሰክራሉ፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው፣ ያ ረኃብ ካበቃ 50 ዓመት ቆይቶ። ሁለቱ ልጃገረዶች በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ረኃብ ተገፍተው፣ አንድ ቤት ገቡ። አንደኛዋ ሚስት ሆነች፣ ሌላዋ ወፍጮ ላይ ተቀመጠች። ምንጅላቴ በልታ ያደገችው፣ እኛም የተገኘነው፣ ያቺ ልጅ ከፈጨችው ዱቄት ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ጠፍቷል፤ የቀረው ጌቶቿ ያወጡላት ነው።

ይህን ስናገር ዘመዶቼ «ሙት ወቃሽ አትሁን» ይሉኛል። አባባሉን አከብረዋለሁ፤ ራሱን መከላከል የማይችልን ሰው ስም ማጥፋት ነውር ነው። ነገር ግን ያቺ ባሪያ የነበረችው ልጅም ሙት ናት። ለምንጅላቴና በረኃብ ላለቁት አምስቱ አልቅሼ ሳበቃ፣ በዚያው ቤት ጓዳ የነበረችውን ልጅ ብዘላት ሐዘኔ ለራሴ ሥጋ ብቻ የማዝን የስስት ሐዘን ይሆናል። አያቶቻችን የደረሰባቸውን መከራ የእኔ ነው ካልን፣ ያደረሱትንም የእኔ ነው ማለት ይገባናል። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

የእናቴ አጎት በዚህ አልተስማሙም። «ሰባት ቤት ስትቆጥር እሷን የት ልታገባት ነው?» አሉኝ፤ ተቆጥተው ሳይሆን ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። በእርግጥም እሳቸው በሚያውቁት ቆጠራ ውስጥ መስመር የላትም። አምስቱን ልጆች ከምንጅላቴ ግራና ቀኝ ጻፍኳቸው፤ የሁለቱ ስም ተገኝቷል፣ የሦስቱ ቦታ ክፍት ነው። እሷን ደግሞ በዚያው ተርታ፣ ምንጅላቴ አጠገብ ጽፌያታለሁ። አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር ይባላል፤ ልጁ ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ ወንበርማ ተሻግሯል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። አሁን የማፈላልገው የእሱን ልጆች ነው።